ሦስት ፕሮፎርማ ለአንድ ማህፀን

ባሌ ግዥ ክፍል ነው የሚሠራው። ይህን ካልነገርኳችሁ የንዴቴ ምክንያት አይገባችሁም። ለመሥሪያ ቤቱ ስቴፕለር ሲገዛ እንኳ ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበስባል፣ ሰንጠረዥ ይሠራል፣ ቃለ ጉባኤ ያስፈርማል። ሰሞኑን ታዲያ ራት ተበልቶ፣ ልጆቹ ተኝተው፣ እኔ ምሳ ዕቃ እያጠብኩ ስልኩን አወጣና «ነይ እስኪ ቁጭ በይ፣ የወሊድ መቆጣጠሪያውን ነገር አወዳድሬልሻለሁ» አለኝ።

ክንዴ ውስጥ የተቀበረው መከላከያ ጊዜው ሊያልቅ ስለሆነ ምን ይሻላል ብዬ ያነሳሁት እኔው ነኝ፤ አልክድም። ግን አብረን እንነጋገር ማለቴ እንጂ ጨረታ ይውጣ ማለቴ አልነበረም።

ኤክሴል ነው። ቀለም ሁሉ ቀብቶታል። ወደ ታች ክኒን፣ የሦስት ወሩ መርፌ፣ የክንዱ፣ ሉፕ። ወደ ጎን «ዋጋ»፣ «የአገልግሎት ዘመን»፣ «አስተማማኝነት»፣ «አስተያየት»። ክኒን በየቀኑ፣ መርፌ 3 ወር፣ የክንዱ እንደ ዓይነቱ 3 ወይም 5 ዓመት፣ ሉፕ 10 ዓመትና ከዚያም በላይ። ሉፑን አረንጓዴ ቀብቶታል፣ ዋስትናው ረጅም ነዋ።

ዋጋው ላይ ግን ተቸግሯል። መንግሥት ጤና ጣቢያ ሁሉም በነፃ ነው። ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። በእሱ ሕግ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ነው የሚያሸንፈው። አራቱም ዜሮ ሲያቀርቡ ኮሚቴው ምን ይሁን? «የታክሲውን ጨምሬ ላስላው» አለ። መርፌ በዓመት አራት ምልልስ ነው፣ ሉፕ አንዴ ከገባ ገባ። በታክሲ ሂሳብ ሉፕ አሸነፈ። ይህን ሁሉ የምሰማው እጄ ሳሙና እንደያዘ ቆሜ ነው።

የጎንዮሽ ጉዳት የሚል ቦታ ፈለግኩ፣ የለም። ምናልባት «አስተያየት» ውስጥ ይሆናል ብዬ አየሁ። መርፌው ጋ «ክብደት ሊጨምር ይችላል» ይላል፣ በቀይ። በቃ። ደም የሚያቋርጠው የለም። ሳያቋርጥ ወሩን ሙሉ ጠብ ጠብ የሚያደርገው የለም። ራስ ምታቱ፣ ያለ ምክንያት ማልቀሱ የለም። መርፌውን ከተዉት በኋላ ለማርገዝ ብዙ ወራት ሊወስድ እንደሚችልም የለም። ለእሱ የታየው ውፍረቱ ብቻ ነው።

«በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» የሚል ተረት አለ፣ በጣም ነው የምወደው። ከአያቴ የወረስኩት ብቸኛ ንብረት እሱ ነው። አያቴ መጀመሪያ ለጥርስ ነቃይ ትለው ነበር፣ ቀጥሎ ለቀበሌ፣ መጨረሻ ላይ ለአማቶቿ። ለአያቴ ባል ግን ስትለው ሰምቼ አላውቅም፤ እሳቸው ዘጠኝ ልጅ አስወልደው አንዱንም አላዘሉም፣ ግን አባወራ ነበሩ፣ አባወራ ደግሞ አይነካም። እኔ ለባሌ አልኩት። «ተረቱን ተይና ወደ ሰንጠረዡ እንመለስ» አለኝ።

ተረት ከተነሳ የምጠላውንም ልናገር። ልጅ በዕድሉ ያድጋል። ይህን ማን እንደፈጠረው አላውቅም፣ ግን እርግጠኛ ነኝ ሌሊት ተነስቶ አያውቅም። እስኪ ዕድሉ የሚባለው ሰውዬ የታለ? እኔ ቤት ዳይፐር ይዞ መጥቶ አያውቅም። ትምህርት ቤት ምዝገባ ሲደርስ ወረፋ ላይ አይታይም። ትምህርት ቤቱ የምዝገባ ብሎ ያስከፍላል፣ የዩኒፎርም ብሎ ያስከፍላል፣ የመጽሐፍ ብሎ ያስከፍላል፣ መጨረሻ ላይ ምን እንደሆነ ርዕሰ መምህሩም በቅጡ የማያስረዳው «ልዩ ልዩ» የምትባል ክፍያ ትመጣለች። አንድ ቀን ገንዘብ ያዧን «ይቺን ለዕድሉ ይላኩለት» አልኳት። አልሳቀችም። ደረሰኙን መታችና «ቀጣይ» አለች። ቤት ኪራይ አከራይዋም እንደዚሁ ናቸው። «ልጅ በረከት ነው» ይሉና ሁለተኛዋ ስትወለድ «ውሃ ትበዛለች» ብለው ጨመሩብን።

ደግሞ ይህን ተረት የሚተርቱት ሁልጊዜ ጨርሰው ያሳደጉ ሰዎች ናቸው። የባሌ እናት ለምሳሌ፣ እግዜር ዕድሜ ይስጣቸውና፣ በመጡ ቁጥር ሆዴን ነው ቀድመው ሰላም የሚሉት። «ለወንድሟ እህት አገኘንለት፣ ለእሷ ደግሞ እህት ያስፈልጋታል» ይላሉ። ለእህቷም ሌላ እህት ያስፈልጋታል ማለት ነው፣ ማለቂያ የለውም። በሠርጋችን ዕለት ሽማግሌዎቹ «ውለዱ ክበዱ» ብለው መርቀውናል፣ አሜን ብለናል። መርፌውን የጀመርኩ ጊዜ መክበዱ ለእኔ ብቻ ደረሰኝ።

ሁለተኛዋ ልጄ የአክስቴ ምክር ፍሬ ናት። «ጡት እያጠባሽ ምን ይመጣብሻል?» አለችኝ። ነገሩ ውሸት አይደለም፣ ግን ሦስት ነገር አንድ ላይ መሟላት አለበት። ሕፃኑ ከስድስት ወር በታች መሆን አለበት፣ ቀንም ሌሊትም ጡት ብቻ መጥባት አለበት፣ የእናቲቱ የወር አበባ ደግሞ ያልተመለሰ መሆን አለበት። አክስቴ ሦስቱንም ዘላ ነው የነገረችኝ። የእኔው ልጅ ደግሞ ስምንት ወሩ ነበር፣ ገንፎ ይበላል፣ ጥርስ አውጥቶ ይነክሰኛል። ማርገዜን ስነግራት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «አይዞሽ፣ ልጅ በዕድሉ ያድጋል።»

የመጀመሪያው ደግሞ የፋሲካ ነው። ባሌ ጾምን እንደ መከላከያ ይቆጥራል፤ ሰንጠረዡ ውስጥ ማስገባት ቀርቶት ነው እንጂ አምስተኛ ተራ ይገባው ነበር። ዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ በነፃ፣ ያለ ታክሲ። ችግሩ ጾም ይፈታል። ሚያዝያ ላይ ዘጠኝ ወር ጨምሩ፣ ጥር ላይ ታርፋላችሁ። የልጄ ልደት መቼ ነው? ጥር። የባሌ እናት ደስ ብሏቸው «የጥምቀት ልጅ» ይሉታል። የዶሮ ወጡ ልጅ ነው።

ቀን መቁጠርንም ሞክረናል። መመሪያው ቀላል ነው። ዑደቷ ከ26 እስከ 32 ቀን የሆነ ሴት የወር አበባዋ ከመጣበት ቀን ጀምራ ትቆጥርና ከ8ኛው እስከ 19ኛው ቀን ትጠነቀቃለች። እኔ በኛ እቆጥራለሁ፣ እሱ በስልኩ በፈረንጅ ይቆጥራል። ጳጉሜ ላይ ተጣላን። እኔ 12 ስል እሱ 20 ይላል፤ እሱ ሁልጊዜ 20 ነው የሚለው።

ሰፈር ቡና ላይ ብታወሩት ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ሉፕ ሲባል ወዲያው አንዷ «ልጁ ሉፑን በእጁ ጨብጦ ተወለደ» ትላለች። ማን ወለደችው ስትሏት የባልንጀራዋ ጎረቤት ናት፣ ሁሌም የባልንጀራ ጎረቤት ናት። የክንዱ ሲባል «ተንሸራቶ ልብ ውስጥ ይገባል፣ እንስራ አታነሽም» ይላሉ። አራት ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነች ቀጭን ነገር ናት፣ ቆዳ ሥር ተኝታለች፣ በጣቴ ስዳስሳት እዚያው አለች። እንስራ የለኝም እንጂ ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን በዚሁ ክንዴ ነው ፎቅ የማወጣው። ውሃ ሲጠፋ ባሌ ስብሰባ ላይ ነው።

የባሌን ነገር ካነሳሁ፣ አንድ ጊዜ አብሮኝ ጤና ጣቢያ ሄዷል። አንድ ጊዜ። ኮሪደሩ ሙሉ ሴት ነው፤ ገሚሷ ሕፃን ታቅፋለች፣ ገሚሷ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። እሱ ሲገባ ሲስተሯ ከቢሮዋ ወንበር አውጥታ ሰጠችው። «እንዲህ ነው እንጂ ጎበዝ ባል!» አለችው በዚያ ሁሉ ሴት ፊት። ጎበዝ ሚስት ያለኝ የለም። ከዚያ እጄን ጠረጴዛው ላይ አስተኝታ በአልኮል ጠረገችው፣ ማደንዘዣውን ወጋችኝ (የሚያመው እሱ ብቻ ነው፣ ሌላው አያምም)፣ ቆዳዬን ወጠር አድርጋ መርፌውን ስታስገባ ጎበዙ ባል ፊቱን ወደ መስኮት አዞረ። ደም አይወድም። ጭራሽ ላብ አላበው። ሲስተሯ የእኔን ክንድ በፋሻ እየጠቀለለች «ውሃ ይምጣልህ?» አለችው። ስንወጣ ማኪያቶ የጋበዝኩት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ ድረስ ክርክር በተነሳ ቁጥር «አብሬሽ ሄጄ የለም እንዴ?» ይለኛል።

ወደ ሰንጠረዡ ልመለስ። እጄን አደረቅኩና ስልኩን ተቀበልኩት። አራቱም ተራ የሚገባው እኔ ውስጥ ነው። ወይ እውጠዋለሁ፣ ወይ እወጋዋለሁ፣ ወይ ክንዴ ውስጥ ይቀበራል፣ ወይ ማህፀኔ ውስጥ ይቀመጣል። «ኮንዶም የታለ?» አልኩት። «እሱ እኮ ለትዳር አይሆንም» አለ፣ ሳል እየሳለ። እሺ ብዬ ከሥር አንድ ተራ ጨመርኩ። ቫዜክቶሚ ብዬ ጻፍኩ፣ የወንዱን ቋሚ መከላከያ።

ዝም አለ። ስልኩን አየ። እኔን አየኝ። «ሙክት ልታደርጊኝ ነው?»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ ስቄ ነበር። ቀጥሎ ግን በጣም ተናደድኩ። ይህ ሰው ለስቴፕለር ሦስት ሱቅ የሚዞር ሰው ነው፣ ለዚህ ግን አንድ መስመር አላነበበም። ቫዜክቶሚ ፍሬውን አይነካም። የወንዱን ዘር የሚያወጡትን ቱቦዎች ነው ቆርጠው የሚቋጥሩት። ማደንዘዣው ለቦታው ብቻ ነው፣ ሥራው ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም፣ በዚያው ቀን ቤት ይገባሉ። ድምፅ አይቀጥንም፣ ጢም አይረግፍም፣ አልጋ ላይ የሚቀር ነገር የለም። ወዲያው ስለማይሠራ ሦስት ወር ገደማ ሌላ መከላከያ መጠቀምና ተመርምሮ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ቋሚ ነው፣ ለመመለስ መሞከሩም ዋስትና የለውም፤ እንውለድ የሚል ሰው አያድርገው። እኛ ግን በሁለት ልጅ በቃን ብለን ተስማምተናል፣ እሱም በቃል ነው እንጂ ቃለ ጉባኤ የለውም። አስተማማኝነቱን ከክንዱ ጋር ነው የሚያስተካክሉት። በእሱ ሕግ ብናወዳድረው እንኳ የአገልግሎት ዘመኑ ዕድሜ ልክ ነው፣ አረንጓዴም ያንሰዋል።

«ባህላችን አይፈቅድም» አለኝ ደግሞ። የእኔን ክንድ መቅደድ ባህላችን መቼ ነው የፈቀደው?

ይህ የእኛ ቤት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ100 ያገቡ ሴቶች 41ዱ ዘመናዊ መከላከያ ይጠቀሙ ነበር። ከእነሱ 27ቱ በመርፌ፣ 9ኙ በክንድ ነበር። የወንዶቹን ብትፈልጉ ከነጥብ በኋላ ነው የምታገኙት። የፈረንጁም ወንድ ቢሆን አይሻልም። ክኒን እ.ኤ.አ. በ1956 ፖርቶ ሪኮ ውስጥ በሴቶች ላይ ሲሞከር፣ ሴቶቹ አቅለሸለሸን፣ አዞረን፣ ራሳችንን ፈለጠን ይሉ ነበር። ሙከራው ቀጠለ፣ እ.ኤ.አ. በ1960 አሜሪካ ክኒኑን ፈቀደች፣ ያውም የሆርሞኑ መጠን ከዛሬው ብዙ እጥፍ ሆኖ። ከዚያ የወንዶች መርፌ መጣ፣ በየስምንት ሳምንቱ የሚወጋ። በ320 ወንዶች ላይ ተሞከረ፣ ጥሩ ሠራ። ወንዶቹ ብጉር ወጣብን፣ ጠባያችን ተቀያየረ፣ ከፋን አሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 የደኅንነት ኮሚቴ ተሰብስቦ ሙከራው እንዲቆም አደረገ። ለፍትሕ ያህል፣ ከወንዶቹ ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆኑት ቢገኝ እንጠቀመዋለን ብለው ነበር። ጠባይ መቀያየር ቀልድ አይደለም፣ መቆሙ ልክ ሊሆን ይችላል። ታዲያ እኔ በመርፌው ጊዜ ምጣድ ላይ ቆሜ ሳለቅስ ኮሚቴው የት ነበር?

ይህን ሁሉ ለባሌ አነበብኩለት። አንገቱን እየነቀነቀ ሰማኝና ምን አለ? «መጀመሪያ ግን ሐኪም እናማክር።» ለእኔ አራት ዓይነት ሲያወዳድር ሐኪም አላማከረም። ቢሆንም እሺ አልኩ፣ መልካም ሐሳብ ነው፣ እኔም ስለ ሉፑ መጠየቅ እፈልጋለሁ፤ የመዳቡ ሆርሞን የለውም ይላሉ፣ ራስ ምታቴ ከተወኝ እሱም አንድ ነገር ነው። ቅዳሜ እንሂድ አልኩት። ቅዳሜ ዕድር አለ። የሚቀጥለው ቅዳሜ? የአጎቱ ልጅ ኒካህ አለ። አጎቱ ክርስቲያን ናቸው።

ስለዚህ ባሏን አሳምና ቫዜክቶሚ ያስደረገች ሴት ካለች ትጻፍልኝ። ሐኪሙን አልፈልግም፣ እሱን አገኘዋለሁ። ባሏን ምን ብላ ከቤት እንዳስወጣችው ብቻ ትንገረኝ። ወንዶችም ያደረጋችሁት ካላችሁ ጻፉ፣ ስማችሁን አልጠይቅም።