ሕመም የሚመላለስበት የፈረስ ዓይን

ጎንደር ለፈረስ መቃብር ያሠራች ከተማ ናት ይባላል። ከፋሲል ጥምቀተ ባሕር አጠገብ ያለችውን ጉልላት የደፋች ትንሽ የድንጋይ ሕንፃ ሰው የሚያውቃት «የዞብል መቃብር» ብሎ ነው፤ ዞብል የንጉሥ ፈረስ ነበር ይላሉ። የዛሬው የጎንደር ፈረስ ጋሪ ጎታች ነው። ሲያረጅ ወይም ሲታወር መንገድ ላይ ይለቀቃል፤ መቃብሩም የጅብ ሆድ ይሆናል።

በቅርቡ አዘዞ ጋሪ መቆሚያ ላይ አንድ ዳማ ፈረስ አየሁ። ግራ ዓይኑ በከፊል ተከድኗል፤ እንባው ጉንጩ ላይ እየወረደ ፀጉሩን አጣብቆታል፤ ዝንብ ወርሮታል። የላይኛው ሽፋሽፍቱ ወደ ታች ተደፍቷል። ጤነኛ ፈረስ ሽፋሽፍቱ ወደ ውጭ ቀጥ ብሎ ነው የሚቆመው፤ ሲደፋ ዓይኑን እያመመው ነው ማለት ነው። ለባለቤቱ ብነግረው «ልማዱ ነው፣ ሰሞኑን ይተወዋል» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ይተወዋል። መከራው የሚጀምረውም ከዚያ ነው።

የእንስሳት ሐኪሞች ይህን በሽታ ተመላላሽ ዩቪያይትስ ይሉታል። የፈረሱ የገዛ ሰውነት በሽታ መከላከያ በዓይኑ ውስጠኛ ክፍል ላይ ይነሳና ያስቆጣዋል። ብዙ ጊዜ መነሻው ሌፕቶስፒራ የተባለ ባክቴሪያ ነው፤ በአይጥና በከብት ሽንት በተበከለ የቆመ ውሃ ይተላለፋል። ዓይኑ የሚታመመው ባክቴሪያው ከገባ ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ ስለሆነ ሁለቱን የሚያያይዛቸው የለም። በዓለም ላይ ፈረስን በማሳወር የሚቀድመው ይህ በሽታ ነው። ይነሳል፣ ያሠቃያል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ይመለሳል። በተመለሰ ቁጥር ጠባሳ ጥሎ ይሄዳል፤ ብሌኑ ይጣበቃል፣ ሞራ ይጋርደዋል፣ በመጨረሻም ብርሃኑ ይጠፋል።

በራሱ ጊዜ ስለሚሸሽ በዚያ ሰሞን የተደረገ ነገር ሁሉ ፈውስ ይመስላል። ትምባሆ አኝኮ የተፋበት ትምባሆውን ያመሰግናል፤ ጨው የነፋበት ጨውን፤ ከፋርማሲ የቴትራሳይክሊን ቅባት የገዛ ቅባቱን፤ ቡዳ ነው ብሎ ክታብ ያሰረም ክታቡን። ሁሉም ምስክር አያጣም። ቅባቱ ብዙ ባይጎዳም ይህን ቁጣ አያበርድም። ጨውና ትምባሆ ግን በቆሰለ ዓይን ላይ ሌላ ቁስል ናቸው።

ትክክለኛው ሕክምና ይታወቃል። አትሮፒን ጠብታ ብሌኑን ከፍቶ እንዳይጣበቅ ያደርጋል፣ የስቴሮይድ ጠብታ ቁጣውን ያበርዳል፣ ፍሉኒክሲን ሕመሙን ያስታግሳል። ይህ ግን ከጎረቤት ተጠይቆ የሚሠራ አይደለም። የዓይኑ ፊት ላይ ቁስል ካለ ስቴሮይዱ ዓይኑን እስከ ማፍረስ ይደርሳል፤ ሐኪም አስቀድሞ ፍሎረሲን የሚባል ቀለም አንጠባጥቦ የሚያየው ለዚህ ነው፤ ጭረት ካለ አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል። አትሮፒኑም አንጀት ሊያስር ስለሚችል ፋንድያውን መከታተል ያስፈልጋል። ጠብታው በቀን ብዙ ጊዜ ይደረጋል፤ ዓይኑ የዳነ ከመሰለ በኋላም ለሳምንታት ይቀጥላል። ፈረሱም ከፀሐይ ተጠልሎ ማረፍ አለበት። ከንጋት እስከ ምሽት መንገድ ላይ የሚውል፣ ጋሪው በቆመ ቀን ጓዳው የሚጎድል ሰው ይህን እንዴት ይፈጽመው? በጀርመን የዓይኑን የውስጥ ፈሳሽ በቀዶ ጥገና እስከ ማጠብ ደርሰዋል፤ ለእኛ ባለ ጋሪ ይህ ተረት ነው። ስለዚህ ባለቤቱን ለመውቀስ አልቸኩልም።

የምከራከረው በጥያቄው ላይ ነው። ባለ ጋሪው «ያያል ወይ?» ይላል፤ ካየ ይሠራልና። እኔ ደግሞ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት «ያመዋል ወይ?» ነው ባይ ነኝ። ብርሃኑ የጠፋ ነገር ግን ሕመሙ ያልተወው ዓይን ለፈረሱ ምንም አይሠራለትም፤ እንዲያውም መኖውን ያስጠላዋል፣ ያከሳዋል። እንዲህ ያለው ዓይን መውጣት አለበት። ይህን ስናገር ብዙ ሰው ይዘገንነዋል፤ «እግዜር የሰጠውን ዓይን?» ይለኛል። በየወሩ እያነባ የሚቆመውን ፈረስ ማየት ግን አይዘገንነውም። ሥራው በማደንዘዣ፣ ፈረሱ እንደቆመ ሊሠራ ይችላል። አንድ ዓይና ፈረስ ጊዜ ከተሰጠው ይለምዳል፤ ባጃጅ በማያይበት ጎን ድንገት ሲመጣበት እንዳይደነብር ግን ነጂው ልብ ማለት አለበት።

መታወቅ ያለበት ሌላም ነገር አለ። የጋሪ ፈረስ ዓይን በቆዳ መሸፈኛ ስለሚጋረድና ነጂው ከኋላ ስለሚቀመጥ የዓይኑን ሕመም መጨረሻ የሚያውቀው ነጂው ነው። ማታ ሲፈታ መሸፈኛውን አንስቶ ፊት ለፊት ማየት ምንም አያስወጣም። ገዢም እንደዚያው ነው፤ ጥርሱን ገልጦ ዕድሜ ይቆጥራል እንጂ ዓይኑን አያይም። ሻጭ ደግሞ ሕመሙ ጋብ ያለበትን ሳምንት ጠብቆ ነው ገበያ የሚያወጣው።

ሁለቱም ዓይን ሲጠፋስ? በሬ ቢታወር ይታረዳል፣ ቢያንስ ሥጋው ገንዘብ ነው። የፈረስ ሥጋ አንበላም፤ ስለዚህ የታወረ ፈረስ በአንድ ቀን ዋጋው ባዶ ይሆናል። ገጠር ሰፊ ግቢ፣ የለመደው የውሃ ቦታና አብሮት የሚውል ሌላ ፈረስ ካለ፣ ሕመም ከሌለበት ሊኖር ይችላል። ከተማ ውስጥ ይህ የለም። ያን ጊዜ ሐኪም በመርፌ ቢያሳርፈው አስፋልት ላይ ለጅብ ከመተው ይሻላል፤ ከባድ ቢሆንም አቋሜ ይህ ነው።

ወጪው የአንድ ሰው ትከሻ አይችለውም። ጎንደር ውስጥ የእንስሳት ሕክምና የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ አለ፤ እድርም ያላወቀ ጎንደሬ የለም። ባለ ጋሪዎች ከየጋሪው በሳምንት የአንድ ጉዞ ሒሳብ ቢያዋጡ ለቀለም ምርመራው፣ ለጠብታው፣ ለቀዶ ጥገናው፣ ሲከፋም ለመጨረሻው መርፌ የሚሆን ገንዘብ ይጠራቀማል። ፈረሱ በሚታከምባቸው ቀናት ባለቤቱ ባዶ እጁን እንዳይገባም ከዚያው ሊደገፍ ይችላል።