ቃርን ሁሉ በበርበሬ ላይ ማላከክ

«ቃር የሚይዘው በርበሬ የሚያበዛ ነው፤ አልጫ የሚበላ አያውቀውም» የሚለው አስተያየት ሲደጋገም አየሁ። የቡሬ በርበሬ ሲቀነጠስ እያስነጠስሁ ያደግሁ ነኝና ትንሽ ላድላለት። በርበሬ አንዳንዱን ሰው ያባብስበታል፤ እውነት ነው። ምክንያቱ ግን በምግብ ቧንቧና በጨጓራ መካከል እንደ በር የሚዘጋው ጡንቻ መላላቱ ነው፤ አሲዱ ሽቅብ ይመለሳል። ውፍረት፣ እርግዝና፣ ሲጋራና አንዳንድ መድኃኒቶች ለዚህ ያጋልጣሉ። በርበሬ በማይበዛባቸው የአውሮፓ አገሮች እንኳ ከ10 አዋቂዎች ቢያንስ አንዱን በየሳምንቱ ያቃረዋል።

አንድ ጎረቤታችን ወጡን አልጫ አስደርገው አረቄውንና የሌሊት እራቱን አልተዉም ነበር። ቃሩም አልተዋቸውም።

መፈተን የሚፈልግ በርበሬውን ሳይቀንስ ለ2 ሳምንት እራቱን ከመኝታው 3 ሰዓት አስቀድሞ ይብላ፤ የአልጋውንም የራስጌ እግሮች በጣውላ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያድርግ። ብዙ ሰው ለውጡን ያየዋል።

የሚያሳስበኝ «በርበሬ ነው» ብሎ የሚዘናጋው ነው። ምግብ ጉሮሮው ላይ የሚቆምበት፣ ያለምክንያት የሚከሳ ወይም ሰገራው የጠቆረ ሰው ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ ይሂድ።