«በእኔና በአንተ መካከል ወረቀት?»

ገንዘብ ስናበድር ሁላችንም ጨዋ ነን። ሠላሳ ሺህ ብር ቆጥሮ የሚሰጥ ሰው «እስቲ እዚህች ላይ ፈርምልኝ» ካለ ስሙ ጠፋ። ተበዳሪውም «አላመንከኝም ማለት ነው?» ብሎ ይቀየማል። ገንዘቡን ግን ተቀይሞም ቢሆን አይተወውም።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን ጨዋነት አያውቀውም። አንቀጽ 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ አለዚያም ፍርድ ቤት ቀርቦ በተሰጠ እምነት («አዎ፣ ተበድሬአለሁ» ብሎ በማመን) ወይም መሐላ ብቻ ነው ይላል። ያኔ 500 ብር የሚያበድር ባለጸጋ ነበር። ዛሬ 500 ብር ይዘው ሥጋ ቤት የገቡ ሁለት ሰዎች ጠግበው አይወጡም፤ አንቀጹ ግን ኑሮ መወደዱን ገና አልሰማም።

ይህን ያላወቀ ከሳሽ ሦስት ምስክር ያሰልፋል። አንዱ ብሩ ሲቆጠር አይቷል፤ ሁለተኛው ራሱ ቆጥሯል፤ ሦስተኛው ከዚያው ብር ላይ ተጋብዟል። ተከሳሹ «አልተበደርኩም» ብሎ ከካደ ግን የሦስቱም ቃል ብድሩን አያስረዳም። ሽምግልናውም ያው ነው። ተበዳሪው ሽማግሌዎች ፊት አንገቱን ደፍቶ «እውነት ነው፣ ለፋሲካ እከፍላለሁ» ቢል፣ ያ በችሎት የተሰጠ እምነት አይደለም። ብልህ ሽማግሌ ታዲያ ከምርቃቱ በፊት ወረቀት አውጥቶ ያስፈርማል። ተመርቆ ካበቃ በኋላ እስክሪብቶ የሚጨብጥ ተበዳሪ ብዙም አይገኝም።

ወረቀቱ እኮ ግማሽ ገጽ አይሞላም፦ የሁለቱ ስም ከነአያት፣ ገንዘቡ በአኃዝና በፊደል፣ የሚመለስበት ቀን፣ የተበዳሪው ፊርማ፣ የሁለት ምስክሮች ፊርማ። «ተቀብያለሁ» ብቻ አይበቃም፤ «ተበድሬ ተቀብያለሁ» ይባል። ወለድ ካለ እሱም ይጻፍ፤ በዓመት ከ12 በመቶ ግን አይለፍ። በባንክ ወይም በቴሌብር የላከው «ደረሰኝ አለኝ» እያለ ይዝናናል። ደረሰኙ ገንዘቡ መሄዱን እንጂ ለምን እንደሄደ አይናገርም። ምክንያት በሚለው ቦታ «ለወንድሜ» ብሎ የጻፈ ሰው፣ ወንድም ተብዬው «ስጦታ ነው» ሲል ምን ሊመልስ ነው?

ተበዳሪም አይሳቅ። በእጁ ከፍሎ ደረሰኝ ያልተቀበለ፣ መክፈሉንም በምስክር ማስረዳት አይችልም፤ ሁለቴ ይከፍላል።

ክሱ ሲቀርብ ማመልከቻው፣ የማስረጃ ዝርዝሩ፣ ለተከሳሽ የሚደርሰው ቅጂና የዳኝነት ክፍያው መሟላት አለባቸው። ብዙ ሰው የሚሰናከለው ግን አድራሻ ላይ ነው። «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር» ቅርጫ ለማድረስ እንጂ መጥሪያ ለማድረስ አይሆንም። በሩ ቢገኝ እንኳ ተከሳሹ «ክፍለ ሀገር ሄዷል»፤ ሳሉ ግን ከጓዳ ይሰማል። መጥሪያው ደርሶት ከቀረ ጉዳዩ በሌለበት ይታያል። ከሳሹ ራሱ ታክሲ ሲጋፋ ቀጠሮው ካለፈው ደግሞ መዝገቡ ይዘጋና አዲስ ጣጣ ይጀምራል።

ተፈረደ ማለትም ተከፈለ ማለት አይደለም፤ አፈጻጸም፣ ማለትም ፍርዱን በተግባር ማስከፈል፣ ሌላ ማመልከቻ፣ ሌላ መዝገብ ነው። ተበዳሪው ደመወዝተኛ ከሆነ ከደሞዙ እስከ ሲሶ ይቆረጥበታል። እሱም በየወሩ እየተቆረጠበት «ሰው እንዴት ወንድሙን ይከሳል?» እያለ በየዕድሩ ያወራል። ሰፈሩ ያዝንለታል፤ ካዘኑለትም አንዱ ያበድረዋል።