«ደረስኩ» የሚል ኔትወርክ

ሌሊት አፕዴት ነበረና ሰርቨሩ ሪስታርት ተደረገ። ጠዋት ገብቼ ሳይ ሁሉም ሰርቪስ፣ ከጀርባ ሆኖ የሚሠራው ፕሮግራም ሁሉ፣ አረንጓዴ ነው። የኔው ብቻ ቀይ። በእጄ አስነሳሁት፤ ያለ አንዲት ቅሬታ ተነሳ። የሚያበግነኝ ይሄ ነው። ቢበላሽ እኮ ተበላሸ ብዬ እገላገላለሁ። እኔ አጠገቡ ስቆም የሚሠራ፣ ዞር ስል የሚለግም ነገር ግን ይገለኛል።

ሊኑክስ ላይ ሰርቪሶችን የሚያስነሳው ሲስተምዲ ነው። የሱን መዝገብ፣ ሎጉን፣ በጆርናልሲቲኤል ትእዛዝ ከፈትኩ። ሁለት መስመሮች ተከታትለው ተቀምጠዋል። የመጀመሪያው «ኔትወርክ ታርጌት ደረሰ» ይላል፤ ታርጌት ማሽኑ ሲነሳ የሚያልፍበት ጣቢያ መሆኑ ነው። ከሥሩ ያለው የኔ ሰርቪስ ነው፤ «የተጠየቀውን አድራሻ መያዝ አልተቻለም» ብሎ ሞቷል። አድራሻው (አይፒው) ገና የኔትወርክ ካርዱ ላይ የለማ! ከሦስት ሴኮንድ በኋላ ዝቅ ብሎ አድራሻው ይመጣል። ሬሳው ከወጣ በኋላ።

እስቲ «ደረሰ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። ሲደወልለት «ደረስኩ፣ ደረስኩ» የሚል ጓደኛ የሌለው ሰው አለ? ከጀርባው የሻወር ውሃ ይሰማል። «ቆይ፣ አንድ ደቂቃ» ይላል። ውሸታም አትበሉት፣ በልቡ ደርሷል። ኔትወርክ ታርጌትም እንደዚያው ነው። ኔትወርኩን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም ሥራ ጀምሯል ማለት ነው፣ በቃ። አድራሻ ተገኝቷል ብሎ ቃል የገባ የለም። ያንን የሚጠብቀው ኔትወርክ-ኦንላይን ታርጌት የሚባለው ሌላው ነው። እሱንም በሰርቪሱ ፋይል ውስጥ «አፍተር» (ከዚህ በኋላ) የሚለው መስመር ላይ ብቻ ጽፎ መተው አይበቃም። «አፍተር» ተራ ያስይዛል እንጂ ማንንም አይጠራም። የሚጠራው «ዋንትስ» (ይፈልጋል) የሚለው መስመር ነው። ሳትጠራው የቀረብህን ሰው ምን ብለህ ትቀየመዋለህ?

እኔም ብሆን ንጹሕ አይደለሁም። «ከወደቀ ደጋግሞ ይሞክር» ብዬ ጽፌበት ተኝቼ ነበር። ሲስተምዲ ካልተነገረው በቀር በ10 ሴኮንድ ውስጥ ከ5 ጊዜ በላይ አያስነሳም። በሙከራና በሙከራ መካከል የሚያርፈው ደግሞ 100 ሚሊሴኮንድ ነው። ሰርቪሴ አምስቱንም ዕድል ዓይን እስኪጨፈን አራግፎ፣ «በጣም ፈጥኖ ተደጋገመ» ተብሎ ተባረረ። አድራሻው መንገድ ላይ እያለ!

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል»። ይሄን ተረት እንዴት እንደምወደው! መቀነቱ ቆመህ ሳለ አይፈታም። ሰው ሁሉ እያየህ፣ መሀል መንገድ ላይ ነው የሚፈታው። ሰርቪስም የሚጋለጠው ማሽኑ ሲነሳ ነው፤ ማሽኑ የሚነሳው ደግሞ አንተ በሌለህበት ሰዓት።

ተረቱን ባነሳሁ ቁጥር የሚታወሰኝ አንድ የድሮ ባልደረባዬ ነው። ይሄው ችግር ገጠመውና ማስነሻው አናት ላይ «ስሊፕ 30» ብሎ ጻፈ። ሠላሳ ሴኮንድ ተኛ ማለት ነው። ሠራለት። አጨበጨብንለት፣ እኔም ጭምር። እሱ ሥራ ለቀቀ፣ ስሊፑ ቀረ። ከዚያ ማሽኖቹን በገመድ የሚያገናኘው ስዊች ተቀየረ። አዲሱ ስዊች ስፓኒንግ ትሪ የሚሉት፣ መረጃ ክብ እየዞረ እንዳይቀር የሚጠነቀቅበት ልማድ አለው፤ ገመድ ሲሰካበት ፖርቱን ከመክፈቱ በፊት 15 ሴኮንድ ያዳምጣል፣ ሌላ 15 ሴኮንድ ይማራል። ደምሩት። ሠላሳው እዚያው አለቀ፣ አድራሻ መጠየቂያ ትንፋሽ እንኳ አልተረፈም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የተደወለው ለኔ ነው። ለሰርቪሱ እንቅልፍ ሰጥቶ የኔን ወሰደ። ዛሬም ድረስ አልማርኩትም። ለምን ሠላሳ? ለምን ሃያ ዘጠኝ አልሆነም? ብትጠይቁት እሱም አያውቀውም። «ሠራ አይደል?» ነው የሚላችሁ። ይሄ «ሠራ አይደል?» የሚባል መልስ ስንት ሰው አቃጥሏል!

ምን ልል ነበር? አዎ፣ ሰርቪሱ። «አፍተር»ንና «ዋንትስ»ን፣ ሁለቱን መስመር ጻፍኩና ሪስታርት አደረግኩት። አሁን ቆሞ ይጠብቃል። እንዲጠብቅ ከተፈቀደው 120 ሴኮንድ ላይ 47ቱ ሄዷል። ማንን ነው የሚጠብቀው? ገመድ ያልተሰካበትን ሁለተኛውን ካርድ! እሱ ካልመጣ አንጀምርም ብሎ። ያኛው አያስፈልግም ብዬ መጻፍ ነበረብኝ፣ ረስቼዋለሁ።

እጽፈዋለሁ፣ ግን አሁን አይደለም። ስብሰባ አለብኝ፤ ሁለቴ ደውለውልኛል። ደረስኩ ብያቸዋለሁ።