የአዲስ አበባ ባህል ከየት መጣ?

ሰሞኑን አንድ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ፣ የፒያሳና የካዛንቺስ ነባር ሰፈሮች መፍረስ ተነሣና በሦስት ሰዎች መካከል ጠንከር ያለ ክርክር ተጀመረ። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር፣ «አዲስ አበባ የራሴ የምትለው ባህል ኖሯት አያውቅም፤ ሙዚቃውም፣ ምግቡም፣ አለባበሱም ከየቦታው የተለቃቀመ ነው። እውነተኛው ባህል ያለው ገጠር ስለሆነ፣ ቤቶቹ ቢፈርሱ የሚጠፋ ነገር የለም» አሉ።

ሙዚቃ በማስተማር የምትተዳደር ሴት ይህ አልተዋጠላትም። «ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ፣ የተለቃቀመ ያሉት እኮ እዚሁ ተቦክቶ እዚሁ የተጋገረ ነው» አለችና ታሪኩን አመጣች። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ ከእልቂት የተረፉ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆችን አይተው ወደ አዲስ አበባ ማስመጣታቸውን፣ የእነዚህ «አርባ ልጆች» ባንድ መሪ ኬቮርክ ናልባንዲያን በ1923ቱ የንግሥ በዓል የተሰማውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ መድረሱን፣ የወንድሙ ልጅ ነርሰስም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር የአገሩን ልጆች እያሠለጠነ ነባሩን ቅኝት ከዘመናዊ መሣሪያዎች ጋር ለማስማማት ብዙ ዓመት መድከሙን ተረከች። «ያለ እነዚህ ሰዎች ልፋት ትዝታን በሳክስፎን መቼ እንሰማ ነበር?»

«እሱ የፈረንጅ መሣሪያ ነው» አሉ መምህሩ፤ «እኔ የምለው እንደ ሀበሻ ቀሚስ ያለውን ነው።»

ይህን ጊዜ ሽሮ ሜዳ ሱቅ ያለው ጎልማሳ ጣልቃ ገባ። «ጋሼ፣ የቀሚሱን ጥለት የሚጥለው ማን መሰለዎት? ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜ የመጣ ሸማኔ ነው» አለና፣ ሸማኔው ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ከትቶ መርገጫውን እየረገጠ፣ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ እያሳለፈ፣ አንዷ ደንበኛ የጎንደርን፣ ሌላዋ የሸዋ ኦሮሞን፣ ሌላዋ የራያን ጥለት በስልኳ ይዛ ስትመጣ የሁሉንም እንደየአመሉ እንደሚሠራ አስረዳ።

መምህሩ ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «እሺ ልጄ፣ ሸማኔው ሌላ ቦታ ሄዶ ቢሠራስ ምን ይጎድልበታል?» ብለው ጠየቁ። መልስ ሳይገኝ እግዚሃር ያጽናችሁ ብለን ተነሣን።

እኔ እንደማምነው፣ ስለ ባህሉ ምንጭ ሁለቱ ትክክል ናቸው፤ ትልቁን ጥያቄ ያነሡት ግን መምህሩ ናቸው። የሚጎድለው ቅርበት ነው። ድርና ማግ የሚሸጠው፣ የሚሰፋው፣ የሚያዘው ሰው በእግር መንገድ ርቀት ላይ ስላለ ነው የሸማኔው ሥራ የሚለማው። መርካቶ ውስጥ የአንዋር መስጊድና የራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን ሆነው ምእመናኑ በአንድ ገበያ የሚውሉት፣ የአንዱን በዓል ሌላው በቅርበት የሚያውቀውም ስለዚሁ ነው። የካዛንቺሱ ፈንድቃ በአዝማሪ ቤትነት ጀምሮ የእስክስታ፣ የጃዝና የሥዕል መድረክ እስከመሆን የደረሰው፣ ገና ስም ያላወጣ መሰንቆ ተጫዋች ጭምር ገብቶ የሚሞክርበት ቤት ስለነበረ ነው። ሰፊና የሚያምር አዳራሽ መሥራት መልካም ነው፤ ነገር ግን ጀማሪው ኪራዩን የማይችለው ከሆነ ነርሰስ ያሠለጠናቸውን ዓይነት ሙዚቀኞች አናገኝም። ስለዚህ በሚፈርሰው ሰፈር ላይ በሚነሣው ሕንፃ ምድር ቤት፣ ለሸማኔው፣ ለአዝማሪውና ለሠዓሊው አቅማቸው በሚፈቅደው ኪራይ፣ በዚያው በነበሩበት ቦታ፣ በውል የተረጋገጠ ድርሻ ሊሰጣቸው ይገባል እላለሁ።