አምፖል ከመግዛታችሁ በፊት ግድግዳ ፈልጉ

ነሐሴ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ እየወጣሁ ነበር። ከምሽቱ 2 ሰዓት አልፏል። ሐረጎ የሚባለው ጠመዝማዛ ዳገት ላይ ጉሙ መሬት ድረስ ወርዶ የአስፋልቱን ጠርዝ የማየው እየገመትኩ ነው። ከላይ አንድ ፒክአፕ ብቅ አለ። ብቅ አለ ከምል ፀሐይ ወጣች ብል ይቀላል። ሰማያዊ የነካው ነጭ ብርሃን ጋቢናዬን ሞላው። ረጅሙን መብራት ማጥፋት የረሳ መስሎኝ ብልጭ አደረግሁበት። እሱም መልሶ ብልጭ አደረገብኝ። ይሄኛው ደግሞ ከፊተኛው የባሰ! ለካ እስከዚያ ድረስ ያበራው አጭሩን ኖሯል።

ካለፈኝ በኋላ ምንም አይታየኝም። ቀስ ብዬ ነበር የምነዳው፤ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። በዚህ ፍጥነት መኪና በሴኮንድ 11 ሜትር ይሄዳል። ዓይኔ እስኪመለስ 3 ሴኮንድ ከፈጀብኝ 33 ሜትር በጭፍን ነድቻለሁ። 33 ሜትር ሐረጎ ላይ ምን ማለት እንደሆነ መንገዱን ለሚያውቅ ሰው አልነግርም።

ሰውየውን ልረግም አፌን ስከፍት ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝና ዝም አልኩ። ከሁለት ዓመት በፊት እኔም እሱን ነበርኩ።

ወደ 20 ዓመት የተጠጋች ዲፎርዲ ሃይሉክስ አለችኝ። ሞተሯ ዛሬም አይታማም። የፊት መብራቷ ግን ኩራዝ ሆኖ ነበር። ከሐይቅ ደሴ ማታ ስመለስ መንገዱን የማየው ከፊቴ በሚሄደው መኪና መብራት ነው ብል ብዙ አልዋሸሁም። ስለዚህ ብዙ ሰው የሚያደርገውን አደረግሁ። አንድ ሱቅ ገብቼ ኤልኢዲ አምፖል ገዛሁ። ካርቶኑ ላይ 20 ሺህ ሉመን ይላል፤ ሉመን የብርሃን መጠን መለኪያ ነው። የፋብሪካው ሃሎጅን አምፖል አጭሩ ሲበራ የሚሰጠው 1000 ሉመን ገደማ መሆኑን ያኔ ባውቅ ኖሮ ቢያንስ በካርቶኑ እስቅ ነበር። ኮፋኖውን ከፍቼ በ20 ደቂቃ ራሴው ቀየርኩት። ማታ ሳበራው ሰፈሩ ቀን ሆነ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ደስታው የቆየው ሳምንት ነው። ጎረቤቴ በደጉ ዘመን በፊያት ኤንትሬ አሰብ ሲመላለሱ የኖሩ ሹፌር ናቸው። ዛሬም ትንሽ መኪና ይነዳሉ። አንድ ቀን ጠዋት በር ላይ ጠበቁኝ።

«አንተ ልጅ፣ ትናንት ማታ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ጋ ከፊቴ የመጣኸው አንተ ነህ?»

«አዎ ጋሼ። አዲስ መብራት አስገብቼ ነው።»

«ወላሂ ቦይ ውስጥ ልገባልህ ነበር። የገዛኸው መንገድ ልታይበት ነው ወይስ እኔን ልታይበት?»

ተናድጄ ነበር፤ አልዋሽም። ቀጥለው ያሉኝ ነገር ግን ከንክኖኝ ቀረ። «ወስደህ ግድግዳ ላይ አብራው። ከዚያ ና ንገረኝ።»

አሁን ደሴ ውስጥ ግድግዳ ሞልቷል። የጠፋው ከግድግዳው ፊት ያለ 10 ሜትር ሜዳ ነው። በከተማችን መኪና ቀጥ ብሎ የሚቆምበት ቦታ ማግኘት ከአምፖሉ ይወደዳል። በመጨረሻ ጢጣ አካባቢ የአንድ ወዳጄ የእህል መጋዘን ፊት ለፊት አገኘሁ። ሲመሽ መኪናዋን ከግድግዳው 10 ሜትር አርቄ አቆምኩ። የአምፖሉን መሀል ከመሬት ለካሁ፤ 85 ሴንቲ ሜትር። በዚያው ከፍታ ግድግዳው ላይ በጠመኔ አሰመርኩ። ከሱ 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብዬ ሁለተኛ መስመር አሰመርኩ። በ10 ሜትር 10 ሴንቲ ሜትር መውረድ ማለት አጭሩ መብራት መንገዱን እያሳየ የሰው ዓይን ውስጥ አይገባም ማለት ነው። ደህና የሆነ መብራት ሁለተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ቢላ እንደቆረጠው ይቆማል። ከሱ በላይ ጨለማ ነው።

የኔን አበራሁት። ግድግዳው ላይ ወተት የተደፋ መሰለ። መስመር የለ፣ ምን የለ። ከታች እስከ ቆርቆሮው ድረስ ነጭ ነው፤ ብርሃኑ የሚያስፈልግበት መሀሉ ላይ ደግሞ እንደ ጥላ ያለ ነገር አለ። ወዳጄ አጠገቤ ቆሞ «ጣሪያውን እየጠበቅህ ነው እንዴ ማታ ማታ?» አለኝ።

ምክንያቱን ኋላ ነው የገባኝ። የኔ መኪና አምፖል ኤች 4 ይባላል። አንድ ብልቃጥ ውስጥ ሁለት ክር አለ፤ 55 ዋቱ ለአጭሩ፣ 60 ዋቱ ለረጅሙ። ከአጭሩ ክር ሥር ማንኪያ የመሰለች ትንሽ ብረት አለች። ጉዱ ያለው እሷ ላይ ነው። ክሩ ወደ ታች የሚረጨው ብርሃን የመብራቱን ጎድጓዳ መስተዋት ታችኛ ግማሽ ቢያገኝ ተመልሶ የሚነሳው ወደ ላይ፣ ከፊት ለሚመጣው ሰው ዓይን ነው። ማንኪያዋ ይህን ትከለክላለች። መስተዋቱም የተቀረጸው ክሩ ያለበትን ቦታ በሚሊ ሜትር ለክቶ ነው። ኤልኢዲው ግን ክር የለውም። በጎንና በጎን የተለጠፉ ጠፍጣፋ ቺፖች ናቸው። ቦታቸው ትንሽ ከሳተ ብርሃኑ ዝም ብሎ ይበተናል። በዝቷል፤ መንገድ ላይ ግን አልወረደም።

ኤልኢዲ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ከፋብሪካው ኤልኢዲ ሆኖ የተሠራ ሙሉ የፊት መብራት ግሩም ነገር ነው። ያገለገለ ሙሉ መብራት ስትገዙ ግን አንድ ነገር እዩ። የኛ አገር መኪና በቀኝ ስለሚሄድ አጭሩ መብራት ግድግዳ ላይ ሲበራ ግራው ቀጥ ያለ፣ ቀኙ ወደ ላይ የሚነሳ መሆን አለበት። የሚነሳው የቀኙ ዳር የእግረኛውን መንገድ ያሳያል። በግራ ከሚነዳበት አገር የመጣ መብራት ተገላቢጦሽ ነው። የሚነሳው ከፊት በሚመጣው ላይ ነው፤ ምንም ብታስተካክሉት አይድንም።

ታዲያ ኩራዝ የሆነውን መብራት ምን ይሻለዋል? እኔ ወደ አሮጌው ሃሎጅን ተመለስኩና ለምን እንደደከመ መፈለግ ጀመርኩ። መጀመሪያ የነበረብኝም ይኸው ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው ነገሩ።

ሽፋኑ ፕላስቲክ ነው። የደሴ ፀሐይ ለዓመታት ጠብሶት ቢጫና ጭጋጋማ ሆኗል። በውሃ እያራስኩ በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት፤ መጀመሪያ በ1000 ቁጥር፣ ከዚያ በ2000፣ በመጨረሻ በ3000። መጀመሪያ ሲያሹት ይባሱን ይነጣል፤ አትደንግጡ። በፖሊሽ ሲጨርሱት ይጠራል። ላዩ ላይ ፀሐይ የሚከላከል ቀለም አልባ ቫርኒሽ ካልተቀባ ግን ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ይቢጫል። በጥርስ ሳሙና ማሸትም ይሠራል፤ የሰርግ ሰሞን ያህል ብቻ።

ትልቁ ነገር ሽቦው ነበር። ሞተሩ እየሠራ ባትሪውን በቴስተር ስለካው 14.1 ቮልት አለኝ። አምፖሉ ሶኬት ላይ፣ መብራቱ በርቶ ስለካው 11.9! የቀረው የት ሄደ? ከባትሪ ተነስቶ እስከ መሪው ማብሪያ ሄዶ በሚመለሰው ቀጭን ሽቦና በየመገጣጠሚያው ዝገት ላይ ሙቀት ሆኖ ቀርቷል። ሃሎጅን ደግሞ ቮልት ሲጎድልበት ክፉኛ ያኮርፋል። ቮልቱ 10 በመቶ ቢቀንስ ብርሃኑ 30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። የኔማ ወደ ግማሽ ወርዶ ነበር። ግማሹን ብርሃኔን ሽቦው እየበላብኝ እኔ አምፖል እሸምታለሁ።

መድኃኒቱ ሪሌ ነው፤ በትንሽ ኤሌክትሪክ ታዞ ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ። ከባትሪው በቀጥታ ባለ 2.5 ሚሊ ሽቦ ጎትቶ፣ ባትሪው አጠገብ ፊውዝ አድርጎ፣ አንድ ሪሌ ለአጭሩ አንድ ለረጅሙ ማሰር። አሮጌው ሽቦ ሪሌውን ማዘዝ ብቻ ይሆናል ሥራው። ሙያው እጁ ላይ ያለ ሰው በአንድ ከሰዓት ይጨርሰዋል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ፤ አንዳንድ ቶዮታዎች ላይ ማብሪያው የሚቆርጠው ፖዘቲቩን ሳይሆን ኔጋቲቩን ነው። ይህን ሳታዩ ካሰራችሁ ፊውዝ ስትቀይሩ ታመሻላችሁ። እኔ አምሽቻለሁ። አውቶ ኤሌክትሪሺያን ጋ መሄድ ውርደት አይደለም።

አምፖሉን ግን ጥንዱን ቀይሩ፤ ብልቃጡንም በጣታችሁ አትንኩት። የጣት ቅባት ሲሞቅ ብልቃጡን ይጎዳና ዕድሜውን ያሳጥረዋል። 100 ዋት የሚሸጥላችሁ ካለ ደግሞ አመስግኑትና እለፉ። ከጥቂት ወራት በኋላ የቀለጠ ሶኬት ነው የምትነቅሉት።

ይህን ሁሉ ጨርሼ ጢጣ ተመለስኩ። አበራሁት። መስመሩ ቀጥ ብሎ ግድግዳው ላይ ተቀመጠ። ከመብራቱ ጀርባ ባለችው ቡሎን ዝቅ ከፍ እያደረግሁ ሁለተኛው መስመር ላይ አስተካከልኩት። ወዳጄ ዝም ብሎ ሲያየኝ ቆይቶ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝ ያ ጥያቄ ነው ብል ይሻላል።

«ሲጫንስ?»

ከመጋዘኑ 6 ኩንታል ማሽላ ካሶኒው ላይ ጫንን። ባሌስትራው ተኛ። አፍንጫዋ ቀና አለ። ግድግዳው ላይ ያለው መስመር 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ዘሎ ከመጀመሪያው የጠመኔ መስመር በላይ ወጣ። ባዶዋን ጨዋ የነበረች መኪና ስትጫን ሰው አጥበርባሪ ሆነች።

የፒክአፕ ጉዳይ ከአውቶሞቢል የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ፒክአፕ የሚገዛው ሊጫንበት ነው። ከመርሳ ሽንኩርት፣ ከቆቦ ማሽላ ጭኖ ማታ ደሴ የሚገባው መኪና ሁሉ መብራቱን ወደ ሰማይ ቀስሮ ነው የሚመጣው። አንዳንዱ መኪና መሪው አካባቢ ከ0 እስከ 3 የተጻፈባት ትንሽ ማዞሪያ አለችው። ሲጫን መብራቱን ዝቅ ለማድረግ ነው የተሠራችው። ስንቱ ሹፌር ነክቷት ያውቃል? የሌለው ደግሞ ሁልጊዜ የሚጭን ከሆነ ጭኖ ያስተካክል። ባዶ ሲሆን ትንሽ አጠር ብሎ ይታየዋል፤ ይታገሣል።

ይህን ስናገር የሚመጣብኝን መልስ አውቀዋለሁ። «ሁሉም እያበራብኝ እኔ በምን ዕዳዬ ዝቅ ላድርግ? እሱ ካሳወረኝ እኔም ላሳውረው።» የምሬን ነው የምላችሁ፣ ይህን ያለኝ ሰው ሞኝ አይደለም። ሐረጎ ላይ ያ ብርሃን ሲመጣብኝ የኔም ልብ ያለው ይህንኑ ነው። ግን አስቡት። ሁለት የማያዩ ሹፌሮች ጠባብ መንገድ ላይ ይተላለፋሉ። መሀላቸው ማን አለ? ሰኞ ማታ ከባቲ ገበያ አህያውን እየነዳ የሚመለስ ሰው አለ። ጥቁር ጋቢ ለብሷል። ኋላው ላይ የሚያብረቀርቅ ነገር የለውም። ወይም የተበላሸ ከባድ መኪና አለ፤ ምልክቱ ከኋላው የተጣለ ቅጠልና ድንጋይ ነው። እሱን የሚያየው ማን ነው?

ጉም ላይ ደግሞ ጉልበተኛ መብራት ጭራሽ ባለቤቱን ይከዳዋል። ረጅሙን ስታበሩ ጉሙ ብርሃኑን መልሶ ፊታችሁ ላይ ይደፋዋል። ነጭ ግድግዳ ነው የምታዩት። ለጉም የሚሆነው ዝቅ ብሎ ፓራውልት ላይ የተገጠመ፣ ሰፋ ብሎ መሬት የሚጠርግ መብራት ነው። ጋቢና ጣሪያ ላይ የሚደረደረው ረጅም ፓውዛ ሐረጎ ላይ በነሐሴ ምን እንደሚሠራ ባለቤቶቹ ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።

በመጨረሻ ስለ ቦሎ አንድ ነገር ልበል። ያን ኤልኢዲ ይዤ ለዓመታዊ ምርመራ ሄጄ ነበር። «አጭሩን አብራ፣ ረጅሙን አብራ፣ ፍሬቻ» ተባልኩ። በራ። አለፍኩ። መብራቱ መሥራቱን እንጂ የት እንደሚያበራ የጠየቀኝ የለም። ለዚህ ውድ ማሽን አያስፈልግም። ግድግዳ፣ ሜትርና ጠመኔ ይበቃል። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ያለውን ይዞ መጠገን የብዙ ሰው ምርጫ ሆኗል። አሮጌ መኪና በበዛ ቁጥር በየቤቱ አምፖል የሚቀይረውም ይበዛል። ምርመራ ጣቢያዎች ግድግዳ ላይ ሁለት መስመር ቢያሰምሩ ምን ይጎድላቸዋል?

ጎረቤቴ ባለፈው ማታ ቧንቧ ውሃ ጋ ተላለፉኝ። በማግስቱ «መኪናህን ሸጥከው እንዴ? ማታ ማታ አላይህም» አሉኝ።

ኤልኢዲው እቤት ካርቶኑ ውስጥ አለ። የእህቴ ልጅ ለባጃጁ ስጠኝ እያለ ይነዘንዘኛል። እስካሁን አልሰጠሁትም።