ለኮቱ አንድ እርከን ይጨመርለት

በመሥሪያ ቤቶቻችን እንደ ኮት ታታሪ ሠራተኛ አይቼ አላውቅም። ወንበር መደገፊያ ላይ የሚሰቀለውን ማለቴ ነው። አያረፍድም። ቁርስ ብሎ አይጠፋም። ባለጉዳይ ላይ አይጮህም፤ ይሄ ብቻውን ያሸልማል።

በቀደም አንድ ወረቀት ላይ ማህተም ፈልጌ አንድ ቢሮ ሄድኩ። የቱ ቢሮ እንደሆነ ይቅር። ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ያስተናገደኝ ግራጫ ኮት ነው። ደረት ኪሱ ላይ ሁለት እስክሪብቶ ተሰክቷል። ትከሻው አቧራ ጠጥቷል። ጠረጴዛው ላይ የተከፈተ ፋይልና ግማሽ የተጠጣ ውሃ አለ፤ ባለቤቱ አሁን ብድግ ብሎ የወጣ ነው የሚመስለው።

«የኔ እህት፣ እኚህ ሰውዬ የሉም እንዴ?» አልኳት አጠገቡ ያለችውን ልጅ።

ቀና ሳትል፣ «ኮታቸው አለ አይደል?» አለችኝ።

አፈርኩ። ምን ዓይነት ጥያቄ ነው የጠየቅኩት?

ሕጉ የመንግሥት ሠራተኛን የሚጠይቀው በሳምንት 39 ሰዓት ነው። ሰኞ ጠዋት 2:30 የተሰቀለ ኮት ማክሰኞ ማታ 5:30 ላይ ጨርሶታል። የቀረው ሁሉ ትርፍ ሰዓት ነው። አምስት ሳንቲም ግን ተከፍሎት አያውቅም። የአሻራ ማሽን የገባ ሰሞን እንኳ እንጀራው ሊዘጋ ነው ብዬ ሰግቼ ነበር። ለካ መላ አለው፤ ጣት ለማሽኑ፣ ኮት ለወንበሩ፣ ሰውዬው ለራሱ።

ጃፓኖች አለቃ ሳይወጣ መውጣት ነውር ነው ብለው ቢሮ ያመሻሉ አሉ። ከሥራ ብዛት ለሚመጣ ሞት ሳይቀር «ካሮሺ» የሚል ስም አላቸው። ምስኪኖች! ኮት የላቸውም? ካይዘን የሚሉትን የሥራ ማሻሻያ ዘዴ ከእነሱ ተቀብለን፣ በ«ማ» የሚጀምሩትን አምስት የሥራ ቦታ ሥርዓቶቹን ግድግዳ ላይ ስንለጥፍ፣ በምላሹ ይቺን ጥበብ ብናስተምራቸው ስንት ነፍስ ይተርፍ ነበር።

ፍትሐዊነቱን ደግሞ ተመልከቱ። ልጅቷ 2:30 ላይ ትገባለች፤ የራሷንም የኮቱንም ባለጉዳይ ትሸኛለች። የግማሽ ዓመቱ ምዘና ሲሞላ አለቃቸው ማንም እንዳይከፋ ብሎ ለሁለቱም እኩል ሰጠ። በኋላ ግን ከእሷ ላይ ግማሽ ነጥብ ተነሳ፤ «ፊቷ አይፈታም» ተባለ። ኮቱ ፊት ስለሌለው ምንም አልተነሳበትም። የቡድን መሪነት ቦታ ሲወጣም በልምድ በለጣት። እሷ ከገባች ሦስት ዓመቷ ነው፤ እሱ ከተሰቀለ 11 ዓመቱ። ይሄን ሁሉ የነገረችኝ ማመልከቻ እየመዘገበች ነው፤ እጇ አንዴም አላረፈም። እንግዲህ ፊቷ የማይፈታው ለዚህ ይሆናል።

11 ሰዓት ከሩብ ላይ ባለቤቱ መጣ። ሰማያዊ ኮት ለብሷል። ግራጫው ለካ የቢሮ ነው።

«ምን ልታዘዝ?» አለኝ፣ እጅ እየነሳ። ትሑት ሰው ነው፣ ይሄ አይካድም። ወረቀቴን ዘረጋሁለት። አየና፣ «ይሄማ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው» አለ። ማህተሙ ያለበትን መሳቢያ ሳበው፤ ተቆልፏል። የሰማያዊውን ኪስ ዳበሰ። የግራጫውንም ዳበሰ። ከዚያ ግንባሩን መታ።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ ቁልፉን ቤት ያለው ኮቴ ውስጥ ረስቼዋለሁ። ነገ በጠዋት ብቅ ይበሉ።»